ጾመኛው ሾፌር

የልጅ ልጄ ሣራ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ልትፈተን ነው። ሮም ውስጥ ፒኜቶ ሰፈር ባለው ቤታችን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፏን ዘርግታ እያነበበች፣ መልሱን ከእኔ ትጠይቃለች። ከትራም በቀር ምንም እንደማልሳፈር እያወቀች መቀለዷ ነው። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ስከትፍ እንዲህ አለችኝ፦

«ኖና፣ ስሚ። ለረጅም ሰዓት ሳይበሉ መቆየት የማሽከርከር ችሎታን ይቀንሳል። ቬሮ ወይስ ፋልሶ?»

«ኖና» አያት ማለት ነው፤ «ቬሮ ወይስ ፋልሶ» ደግሞ እውነት ወይስ ሐሰት ማለቷ ነው። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። የዚህችን ጥያቄ መልስ እሷ ሳትወለድ፣ እናቷም ሳትወለድ ነው ያወቅኩት።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር፤ እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። የአንዲት ሲኞራ፣ የአንዲት ጣሊያናዊት እመቤት፣ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ሮም ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። እረፍቴ ሐሙስና እሑድ ከሰዓት ስለነበር ለስቅለት ዓርብ ብዙ መለመን ነበረብኝ። የዚያን ዓመት የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ቀድሞ አልፏል። «ስቅለት ካለፈ እኮ ቆየ! እናንተ ጌታን ስንቴ ነው የምትሰቅሉት?» አለችኝ ሲኞራዋ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ፈቀደች፤ ግን ማታ እንግዳ አለባት። ከአስራ ሁለት ሰዓት በፊት ተመልሼ ካርቾፊ የሚሉትን እሾሃም አትክልት ልልጥላት ቃል ገባሁ። በጸደይ ሮም ውስጥ ካርቾፊ የማይበላ ቤት የለም፤ ጣቶቼ ጠቁረው ይከርሙ ነበር።

ያኔ መኪና ከነበራቸው ጥቂት ሰዎቻችን አንዱ ጋሼ ተሰማ ነበሩ። አንድ የልብስ ንጽህና መስጫ ውስጥ በሾፌርነት ይሠራሉ። የራሳቸው የሆነች አሮጌ ፊያት ደግሞ አለቻቸው፤ በበዓል ቀን ግማሹን ምእመን ወደየቤቱ የምታደርሰው እሷ ነች። ወንድማቸው አገር ቤት ታስሮ የት እንደደረሰ አልታወቀም፤ እሳቸውም ቢመለሱ ዕጣቸው ያው ነበር። ሮም ያኖራቸው ሶጆርኗቸው፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው ማለት ነው፣ የተሰጣቸው በሥራቸው ነው፤ ሥራቸው ያለው ደግሞ በመንጃ ፈቃዳቸው። አንዱ ከተመዘዘ ሁሉም ይናዳል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ያን ዓርብ ካቶሊኮች በውሰት በሰጡን አዳራሽ ስንሰግድ ዋልን። ወለሉ እብነ በረድ ስለነበር ጉልበት ይሰብራል። ጋሼ ተሰማ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም፤ ሦስት መቶ ሰገዱ። ወደ አስራ አንድ ሰዓት ግድም ሲያበቃ ሴቶቹ ከሐሙስ የተረፈውን ጉልባን ከፈቱ። የተቀቀለው ባቄላና ስንዴ ሽታ ብቻውን ነፍስ ይመልሳል። ጋሼ በሩ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሙሉ፣ ትንሽ ልቅመስና እንሂድ። ዓይኔን ጭልም አደረገኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሲኞራዋ ትገለኛለች! እኔን አድርሰው ተመልሰው ይብሉ።»

ጉልባኑን አዩት፤ እኔንም አዩኝ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እንሂድ» ብለው ተነሡ።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሰው ሁሉ አይስክሬሙን እየላሰ ይንሸራሸራል። እኔ ስለ ሲኞራዋ ሳወራ ሳወራ መልስ ሳጣ ዞር አልኩ፤ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። ጮህኩ። መኪናዋ ቀስ ብላ የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጣችና ካርቾፊ የሞላ ዘንቢል የያዙ አንድ ሽማግሌ ገጨች። ካርቾፊያቸው በአስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ሽማግሌው መጀመሪያ የጮሁት ስለ ካርቾፊው ነው፤ ከዚያ እግራቸውን አዩት። ተሰብሯል።

ጋሼ ነቅተው ሊያነሷቸው ሲወርዱ ተንገዳገዱ። ሰዉ «ኡብሪያኮ! ሰካራም!» እያለ ከበበን። ፖሊሱም መጥቶ «ምን ጠጥቷል?» አለ።

ይሄኔ እኔ ጠበቃ ሆኜ ተነሣሁ። ደረቴን ነፍቼ በዚያች ስብርባሪ ጣሊያንኛዬ፣ «ምንም! ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፋቸው አልዞረም። ሦስት መቶ ጊዜ ሰግደዋል! ዓይናቸው እስኪጨልም!» አልኩት።

ፖሊሱ ቀና ብሎ አየኝ። «ሦስት መቶ?»

«ሦስት መቶ!»

ሁሉንም ጻፈው። አዳንኳቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ጠበቃው አስጠራኝ። ደማቸው ተመርምሮ ጠብታ መጠጥ አልተገኘበትም። «ድንገተኛ ሕመም ነው ብለን እንከራከር ነበር» አለኝ። «አንቺ ግን መዳከማቸውን እያወቁ መሪ እንደያዙ መሰከርሽ።» ግራ ገባኝ። በእኛ አገር ጾመኛ የሚታመን ሰው ነው፤ ልጅም ቤትም አደራ ይሰጠዋል። የጠጣና ውሃ እንኳ ያልጠጣ እንዴት አንድ ዓይነት ጥፋት ያጠፋሉ? ጠበቃው አስረዳኝ፤ አልገባኝም። በመጨረሻ፣ «ያስቸኮላቸው ነገር ካለ ቅጣቱን ሊያቀልላቸው ይችላል። ነበር?» አለኝ።

ያጣደፍኳቸው እኔ መሆኔን አልነገርኩትም። እኔም ተከስሼ ወረቀቴን የምነጠቅ መሰለኝ። ደግሞም ጋሼ ራሳቸው ይናገሩታል ብዬ አሰብኩ።

ፍርድ ቤት የቀረብነው በመኸር ነው። ሽማግሌው በከዘራ መጡ። ዳኛው ጋሼን፣ «ከመንዳትህ በፊት ለምን አላረፍክም? ያስቸኮለህ ሰው ነበር?» ሲላቸው እኔ ከኋላቸው አግዳሚ ላይ ነበርኩ።

«ማንም አላስቸኮለኝም» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

በቀልድ እንኳ የማይዋሹ ሰው ናቸው። አፍ ነበረኝ፤ አልከፈትኩትም። በዚያ ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

መንጃ ፈቃዳቸውን ተቀሙ፤ ከሥራም ወጡ። ሶጆርኗቸው የሚታደስበት ቀን እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። አንድ ትራቶሪያ፣ ትንሽ ምግብ ቤት፣ ለዕቃ ማጠብ ቀጥሮ ወረቀታቸውን ስላስተካከለላቸው ተረፉ እንጂ። መሪ ግን ዳግመኛ አልጨበጡም።

ይህን ሁሉ ለሣራ ነገርኳት። እርሳሷን እየነከሰች አዳመጠችኝና፣ «ግን እኮ ኖና፣ በሕግ ጥፋተኛው ሾፌሩ ነው። እምቢ ማለት ይችሉ ነበር» አለችኝ። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ምንም ደስ አላለኝም፤ ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም።

ከፍርዱ በኋላ በመጣው ዓመት፣ በስቅለት አንድ ትልቅ ድስት ጉልባን ቀቅዬ ስግደቱ ሲያበቃ አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ። የመኪና ቁልፍ የያዘውን ሁሉ ሳይበላ አላሳልፍ አልኩ። ሰዉ ስለት መሰለው። ሾፌሮቹ ተሰልፈው ሲዘግኑ ጋሼ ተሰማ ከኋላ መጥተው ሰልፉ ውስጥ ቆሙ። የመጡት በአውቶቡስ ነው። ተራቸው ሲደርስ ባዶ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ ሞላሁላቸው። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ እዚያው ቆመው ጨረሱት።

«ዛሬስ አላስቸኮልሽኝም» አሉኝ።

ስለዚያ ቀን ያነሡት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ተሰልፈዋል።

«ኖና፣ መልሺልኝ እንጂ» አለች ሣራ።

«ቬሮ» አልኳት። ምልክት አደረገችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ፈተናውን ካለፈች በሚመጣው ስቅለት የምታደርሰኝ እሷ ናት፤ ጉልባኗን ሳትበላ ቁልፉን እንደማልሰጣት ነግሬያታለሁ።