ልጄን «አኾት» ያልኩባት ቅዳሜ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ እስራኤል አገር ክርያት ሐይም የምኖር፣ የፋብሪካ በር ጠባቂ፣ ዕብራይስጡን ያለ አስተማሪ ከጋዜጣ ላይ የለቀምኩ ሰው። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ ሐይፋ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ጠዋት ጠዋት ለምርመራ ደም ትቀዳለች። ሦስተኛው ክርያት ቢያሊክ የሚኖረው አማቼ፣ የሚስቴ ወንድም ነው። አራተኛዋ የእሱ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ሆስፒታል የተቀጠረች ነርስ። አምስተኛዋ የሚስቴ አክስት ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ስኳር ያለባቸው።

ከአምስታችን የቀናሁት እኔ ነኝ። ቅናቱን ያመጣው ደመወዝ ነው። ልጄ ለሥራዋ የተማረችው የጥቂት ወራት ኮርስ ነው። የሰዓት ክፍያዋ ሕግ ከወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ እምብዛም አይርቅም። ሰው ምግብ ሳይቀምስ የሚመጣው በማለዳ ስለሆነ ሥራው ረፋድ ላይ ያልቃል። ወደፊትስ ብዬ ጠየቅኋት። ብትቆይ ጀማሪዎችን እንደምታሠለጥን፣ ምናልባትም የደም መቅጃው ክፍል ኃላፊ እንደምትሆን፣ ከዚያ በላይ ከፈለገች ግን ነርስነትን ከመጀመሪያው መማር እንዳለባት አስረዳችኝ። አትፈልግም። የሽማግሌ ክንድ ዳብሳ የጠፋ የደም ሥር ስታገኝ ደስ ይላታል። የምትጠብቀው ክቪዑት ነበር፣ ቋሚ ቅጥር ማለት ነው፤ በዚያው ወር ሊሰጧት ነው። እኔ የሰማሁት ግን «አልፈልግም» የሚለውን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ አማቼ ቤት ዘመድ ተሰብስበን እሱ የልጁን የሌሊት ተረኛ ክፍያ፣ የበዓል ክፍያ፣ ልትገዛ ያሰበችውን መኪና ያወራል። ጀምሮ ሲጨርስ መልሶ ይጀምራል። አክስትየው ወደ እኔ ዞረው ያንተዋስ ምን ትሠራለች አሉኝ።

በዕብራይስጥ ነርስ «አኾት» ናት፣ እህት እንደማለት። የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ ነጭ ለብሳ ክንዳቸውን የያዘችውን ሁሉ አኾት ይሏታል። ደም ትቀዳለች ልል አፌን ከፈትኩና «እሷም አኾት ናት» አልኩ። ውሸት እጠላለሁ፤ ልጆቼንም በዚህ ነው ያሳደግኋቸው። በእነሱ አነጋገር ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አማቼ ፈገግ አለ። «ቤሰደር፣ ጥሩ ነው፣ እንኳን ደስ ያለዎት። የእርስዎዋ አኾት ታድላ፣ ለምሳ ቤቷ ናት። የእኔዋ ምስኪን ሌሊቱን ሙሉ እንደቆመች ታድራለች።»

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በሳምንቱ አክስትየው መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዘው ልጄ ዘንድ ሄዱ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የኢንሱሊኑን መጠን አስተካክይልኝ አሏት። እሷም እንዳልተፈቀደላት፣ ደም ብቻ እንደምትቀዳ ብትነግራቸው፣ ተሰልፎ በሚጠብቀው ሰው ፊት አኾት መሆኗን አባቷ ነግሮኛል እያሉ በዕብራይስጥ ጮኹ። አለቃዋ ሰማች። ደም ቀጂ ራሷን ነርስ ነኝ ካለች ትልቅ ጥፋት ነው። ነገሩ እስኪጣራ ቤትሽ ቆዪ ተባለች።

ጋወኗን አጥፋ በእጇ ይዛ ገባች።

«አባ፣ በእኔ ሥራ ታፍራለህ?»

«አላፍርም» አልኩ።

«ታዲያ ለማን ብለህ ነው?»

መልሱ ክርያት ቢያሊክ፣ አማቼ ቤት ነበር።

የእኔ የጋዜጣ ዕብራይስጥ ነገሩን ለአለቃዋ ለማስረዳት አይበቃም። አለቃዋ የምታምነው፣ የሽማግሌዎቻችንንም አነጋገር የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለች ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፣ ነርሷ የአማቼ ልጅ። ጥርሴን ነክሼ አማቼ ጋ ደወልኩ። የትኛዋን አኾት ፈልገው ነው አለኝ። ቢሆንም ልጁን ከሥራዋ አስፈቅዶ፣ በታክሲ ክሊኒኩ ድረስ ይዟት መጣ።

የአማቼ ልጅ ቁጭ ብላ ለአለቃዋ በትዕግሥት አስረዳች፤ አክስትየው የጽዳት ሠራተኛዋንም አኾት እንደሚሏት ተናገረች። ሁሉም እሷን ሲያዳምጡ አየሁና ያን ሰዓት እንኳ ቀናሁ። ከዚያ ተነሥቼ ቃሉ ከእኔ አፍ እንጂ ከልጄ እንዳልወጣ ተናገርኩ። አለቃዋ ለምን አለችኝ።

«ካኒቲ» አልኩ።

ምን እንደገዛሁ ጠየቀችኝ። ቀናሁ ማለቴ ነበር፤ በዕብራይስጥ ቀናሁና ገዛሁ ይቀራረባሉ። የአማቼ ልጅ ሳቋን ውጣ አረመችኝ። ልጄ አልሳቀችም።

ሥራዋን መለሱላት። ክቪዑቱ ግን ለመጪው ዓመት ተላለፈ፤ አሁንም እየጠበቀች ነው። የሰውን ሥራ ከፍ ባለ ስም መጥራት ክብር የሚመስለው አባት ካለ፣ እንዳይሞክረው እመክራለሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አሰላሁት። ልጄ ቤት በቆየችባቸው አምስት ጠዋቶች አንድ ሺህ ሸቀል አጣች፤ እኔ የቀን ሥራዬን ሦስት መቶ፤ አማቼ ለታክሲ ስልሳ ከፈለ፤ ልጁ የአንድ ቀን ስድስት መቶ ቀረባት። የእሷ አንድ ቀን የልጄን ሦስት ቀን ማከሉ እዚያም አበሸቀኝ። ያ አንድ ቃል ሁላችንን ያስወጣን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሸቀል ነው።