የባለሰይፉ አንገት

ትናንት ከሥራ ስወጣ የመኪናዬ መስታወት በረዶ ይዞ ነበር። ሂተሩ እስኪሞቅ እጄን አሮጌው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ስከት አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካሁ። የጨዋታ ዳይስ ነው፤ ያ ብዙ ገጽ፣ ገጹ ሁሉ ቁጥር ያለው ሰማያዊው፣ የወንድሜ። ጠርዙ መዳፌን ወጋ ሲያደርገኝ የጋሼ ቤዝመንት፣ የምድር ቤታቸው ሽታ መጣብኝ፤ የልብስ ማድረቂያው ሙቀት፣ የሳሙናው፣ የእርጥቡ ሲሚንቶ። ያ እሑድ ትዝ አለኝ።

ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ላንቺ ልንገርሽ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናታችን እዚህ ሰው አገር፣ ግሮቭፖርት በሚባል ቦታ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ውስጥ ትሠራ ነበር፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ አንድ ነዳጅ ማደያ ግቢ ያለች ትንሽ ሱቅ ውስጥ እንሠራ ነበር፤ እሱ ካሸር፣ እኔ ዕቃ ደርዳሪ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሃና ወደሚባል ሰፈር እንሄዳለን፣ ጋሼ የምንላቸው የእናታችን ወዳጅ ቤት። ልጃቸው ቤዝመንቱ ውስጥ ጨዋታ ያጫውታል። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። አጫዋቹ አገሩን፣ መንገዱን፣ ጠላቱን ይናገራል፤ ሌላው እያንዳንዱ አንድ ሰው ሆኖ ይገባበታል፤ ጠብ ሲመጣ በየተራ ዳይስ ይጣላል፣ ማን ስንት ላይፍ፣ ስንት የሕይወት ነጥብ እንዳጣ የጨዋታው መጽሐፍ ይወስናል። ወንድሜ ባለሰይፍ ነበር። ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭነው ቀልደኛ ጓደኛቸው ቀስተኛ። እኔ መድኃኒት ቀማሚ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያን ወፍራም መጽሐፍ ማንበብ አልችልም ነበር። መናገርም አፍራለሁ። ተራዬ ሲደርስ ወንድሜ "እሷ ታክማለች" ይልልኛል፣ እኔ እጥላለሁ። ግን ከሁሉም የምፈራው እኔ ነበርኩ። ለእነሱ ቁጥር የሆነው ለእኔ ይታየኝ ነበር፤ ጫካ ሲባል ጨለማው፣ ቀስት ሲባል ፉጨቱ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በጣሪያው ላይ ሲያልፍ ዳይሶቹ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው።

አንድ ሐሙስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቃችን ውስጥ አንድ ሰውዬ ወንድሜን በካውንተሩ ላይ ጎትቶ ቢላዋ አንገቱ ላይ አደረገ። እኔ ከመጠጥ ማቀዝቀዣው ጀርባ ባለው ቀዝቃዛ ክፍል ጠርሙስ እደረድር ነበር። በጠርሙሶቹ መሃል፣ በመስታወቱ በር አሻግሬ ሁሉንም አየሁ። ወንድሜ አልታገለም፣ አልጮኸም። ሰውዬው የፈለገውን ወስዶ ሄደ። ፖሊስ መጥቶ ጠይቆን ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ መሪውን ጨብጦ፣ "ለእማዬም ለጨዋታው ልጆችም እንዳትነግሪ" አለኝ። "እንደ በግ ቆምኩለት።" 

እሑድ ሲመጣ አንገቱ ድረስ የሚዘጋ ሹራብ ለብሶ ሄደ። እኔ እንቅር ብዬው ነበር፤ ከቀረን ይጠይቁናል አለ።

አጫዋቹ የሐሙሱን ነገር አያውቅም። ታሪኩ አንድ ድልድይ ላይ አደረሰን። ከድልድዩ ሥር ሽፍታ ወጥቶ ባለሰይፉን ከኋላ እንደያዘው ነገረን። "ቢላዋ አንገትህ ላይ ነው" አለው ወንድሜን። "ምን ታደርጋለህ?"

ያ ኤርፖርት የሚሠራው ሳቀ። "ይውጋው ተወው! ቢላዋ ቢበዛ አራት ላይፍ ነው የሚወስደው፣ እሱ ሠላሳ ምናምን አለው። ዞር ብለህ ሰንጥቀው። በል ዳይሱን ሮል አድርግ ብራዘር።"

እውነቱን ነው፣ መጽሐፉ እንደዚያ ነበር የሚለው። ወንድሜ ግን ዳይሱን እንደያዘ ቀረ። ግራ እጁ ሳያውቀው ወደ ሹራቡ አንገት ወጣ።

"ፈራህ እንዴ?" አለ ቀልደኛው። "ሠላሳ ላይፍ ይዞ ቢላዋ የሚፈራ ባለሰይፍ ዛሬ ገና አየሁ።"

የወንድሜ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየሁ።  ካለቀሰ ይጠይቁታል፣ ከጠየቁት ይናገራል፣ ከተናገረ ደግሞ ሁለተኛ ከእነሱ ጋር አይቀመጥም፤ ከሰውም አይቀመጥም። ወንድሜን አውቀዋለሁ።

"በሕግ አምላክ" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።  "ለሽፍታው ነው" አልኩ፤ "መድኃኒት ቀማሚዋ ናት ያለችው።"

ቀልደኛው ተራዬ እንዳልሆነ ነገረኝ። አጫዋቹ እዚህ ያደገ ስለሆነ ቃሉን አያውቀውም፤ አስማት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት። እንግዲያው መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ሽፍታውም የሚቆምበት ምክንያት የለም አለ። 

ጋሼ ልብስ ከማድረቂያው ሊያወጡ ወርደው ኖሯል። ቅርጫቱን እንዳቀፉ ቆሙ። "ማነው በሕግ አምላክ ያለው?" እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ወሎ ልጅ ሳሉ በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች ሲደባደቡ ያዩትን ነገሩን። ዱላ ተነሥቶ ሳለ አንዲት መንገደኛ ሴት ከሩቅ በሕግ አምላክ ብትል፣ ዱላው አየር ላይ ቀረ አሉ። ባለዱላው ሴትዮዋን ፈርቶ አይደለም። ከዚያ ወዲያ የሚመታ ሰው የሚመታው ጠላቱን ሳይሆን ሕጉን ነው።

"የዚህ የሽፍታችሁ አገር ሕግ አለው?" ብለው ልጃቸውን ጠየቁት።

"ንጉሥ አለው" አለ ልጁ እያሰበ። "ዳኛም አለው።"

"እንግዲያስ ሰምቷታል።"

"ግን አባዬ፣ ባለሰይፉ ራሱ መታገል ይችላል እኮ። የጨዋታው ሩል ይፈቅድለታል።"

"ቢላዋ አንገቱ ላይ ሆኖ?" ጋሼ ቅርጫቱን አስቀመጡት። "ልጄ፣ እንደዚያ ሆኖ የሚታገል ሟች ነው። ጀግናም ይቆማል።"

 አጫዋቹ መጽሐፉን አገላበጠ፣ ከዚያ ዘጋው። ላይፍ የሚባለው ሥጋ ብቻ አይደለም አለ ቀስ ብሎ፣ ራሱን እንደሚያሳምን፤ መሸሽም፣ ጎንበስ ማለትም፣ መከላከልም ነው፤ የተያዘ ሰው ያ ሁሉ የለውም። ስለዚህ ቁጥሩ አይሠራም፣ ባለሰይፉ ዝም ብሎ መቆሙም ትክክል ነው። ሽፍታው ሕጉን ይጥስ አይጥስ ዳይስ ይወስን ብሎ ከፊቱ ከሚያቆመው የካርቶን መከለያ ጀርባ ጣለ። ረጅም ጊዜ አየው። ወንድሜንም ቀና ብሎ አየው።

"ቢላዋውን አወረደ" አለ። ስንት እንደወጣ አላሳየንም።

ስንመለስ ፀሐይ ከፊታችን እየወረደች ነበር። ወንድሜ መንገዱን እያየ፣ "ሐሙስ ለትም በሕግ አምላክ ብለሽ ነበር አይደል?" አለኝ።

እንዴት አወቅህ አልኩት። ብዬው ነበር፣ በሹክሹክታ፣ ደጋግሜ። ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውጭ ያለ ማንም አይሰማም።

"ትንፋሽሽን አየሁት። መስታወቱ ላይ፣ በጠርሙሶቹ መሃል ይነጣል፣ ይጠፋል፣ ይነጣል። ትወጪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ንቅንቅ ያላልኩት ለዚያ ነው።" ከዚያ ያን ያልጣለውን ዳይስ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። "ያዢልኝ።"

አጫዋቹ አግብቶ ሌላ ስቴት ገባ፤ ጋሼም ያን ቤት ሸጡት። ወንድሜ ትራክ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያርፍ ኮል ያደርግልኛል፤ ትናንት ግን አልደወለም። ዳይሱን ጨብጬ ገና ያልሞቀው መስታወት ላይ ተነፈስኩ። ነጣ፣ ጠፋ። እንደዚያ ሐሙስ ደግሜ ተነፈስኩ።