ሰርቨሩ ያለ እኔ እንዲነሳ የተፈለገበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አዳማ በምሠራበት የግል ክሊኒክ ነው። ከሐሳቤ አልወጣ ያለው ባልደረቦቼን የጠረጠርኩበት ነገር ነው።

የሕመምተኛው ካርድ ሁሉ ያለው አንድ ሊኑክስ ሰርቨር፣ ማለትም የክሊኒኩ ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ይነሳል፣ የካርዱ ፕሮግራም ግን አይነሳም። እሱን የማስነሳው የኮምፒውተር ባለሙያዋ እኔ ነኝ። እሁድ ቅዳሴ ላይ ብሆን እንኳ ይደወልልኛል። እያማረርኩም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ያለ እኔ አይሆንላቸውማ!

አንድ ሐሙስ ከምሳ ስመለስ ሥራ አስኪያጃችን ሲስተር አልማዝና የላቦራቶሪው ገመቹ ቆመው ያወራሉ። ሲያዩኝ ጸጥ አሉ። ትንሽ ቆይቶ ገመቹ መጣ።

«ስሚማ፣ ፕሮግራሙ ከማሽኑ ጋር ራሱ እንዲነሳ ማድረግ አይቻልም?»

«ይቻላል።»

«በቃ ዛሬውኑ አድርጊው። ፓስወርዱንም ስጪኝ።»

ደሜ ፈላ። እስከ ዛሬ ያልታሰበ ነገር አሁን ምን አስቸኮለው? ሲስተርን ብጠይቃት ዓይኔን ሳታይ፣ «አድርጊው የኔ እናት፣ አንቺም ትንሽ ትረፊ» አለችኝ። ሊያባርሩኝ ነው አልኩ። አገር ቤት፣ ደራ ያሉትን አባቴንና እናቴን የምጦረው በዚህችው ደመወዝ ነው።

ትእዛዝ ነውና ፕሮግራሙን ማሽኑ ሲበራ አብረው ከሚነሱት ጋር አስገባሁት። አጥፍቼ ሳበራው፣ ማንም ሳይነካው ካርዱ ከች አለ።

«የገዛ ጉድጓዴን አስቆፈራችሁኝ፣ አይደል?» አልኩት ገመቹን።

ቦርሳዬን ተቀብሎ እስከ ባጃጅ ሸኘኝ። ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሽንገላ ነው ብዬ ቻው እንኳ አላልኩትም።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሲስተር አልማዝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። አጠገቧ ገመቹና ከደራ የመጣው አጎቴ አሉ። ማንም ሳይናገር ገባኝ፤ ጮኽኩ።

አባቴ ያረፈው ሐሙስ ጠዋት ነበር። አጎቴ ክሊኒክ ደውሎ ነግሯቸዋል። መርዶ ደግሞ ሥራ ቦታ አይነገርም፤ ዘመድ ባለበት፣ በማለዳ ነው።

ወደ ደራ ስንሄድ ገመቹ፣ «ፕሮግራሙ ራሱ ይነሳ ያልነው፣ ለቅሶ ላይ ሆነሽ መብራት ሄደ ብለን እንዳንደውልብሽ ነው» አለኝ። እንባዬን ማቆም አቃተኝ።

እነዚህን ሰዎች እስክሞት አልረሳቸውም። ጥርጣሬው ግን አልለቀቀኝም። ዛሬም ባልደረቦቼ እኔን ሲያዩ ወሬ ካቋረጡ፣ ስለ ሥራዬ አልሰጋም። ወጥቼ እናቴ ጋ እደውላለሁ።