የኡሙሀኒ የወረቀት ዕድሜ

ኡሙሀኒ ሁለት ጊዜ ተወልዳለች። አንዴ እናቷ መይሙና ወልዳታለች፤ ሐምሌ 1984 ዓ.ም.፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለች የቀበሌ ቤት፣ ጣሪያው እያፈሰሰ። ሁለተኛ ደግሞ ደላላ ወልዷታል፤ በወረቀት ላይ፣ መስከረም 1 ቀን 1978 ዓ.ም.። ያውም በእንቁጣጣሽ ዕለት! ቀኑን ለምን እንደመረጠው አትጠይቁኝ። ልደቱን ለማያውቅ ሰው ሁሉ መስከረም አንድ ነው የሚጻፍለት፤ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ሰው ያውቀዋል።

ሰው ዕድሜውን ሲቀንስ ነው የምናውቀው። ዓረብ አገር ለምትላክ ልጅ ግን ይጨመርላታል። ደግሞ በዚያን ጊዜ ማንም እንደ ወንጀል አይቆጥረውም ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት ምስክር ይሆናል፤ «አላህ መንገዷን ያቅናላት» ብሎ መርቆ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። በ2001 ኡሙሀኒ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል። አባቷ ሞቷል። ከወሎ የመጣችው እናቷ አትክልት ተራ ሸራ አንጥፋ ሽንኩርትና ቃሪያ ትቸረችራለች። ደላላው መጣ፤ ምላሱ ቅቤ። «ጅዳ ጥሩ ቤተሰብ አግኝቼላታለሁ፤ ግን ሕጉ ልጅ አይወስድም። ሃያ ሦስት እናድርጋት» አለ። እናድርጋት! ሚዛን ላይ ሁለት ሽንኩርት ጣል እንደማድረግ ቀሎት። መይሙና የራሷን ቀሚስ አለበሰቻት፤ ወፈር ብላ እንድትታይ ከውስጥ ሹራብ ደረበችላትና ቀበሌ ይዛት ሄደች። የትምህርት ቤት ካርዷን ደላላው «ይሄማ ያጋልጠናል» ብሎ መንገድ ላይ ቀዶ ጣለው።

የቀበሌው ጸሐፊ ልጅቷን ቀና ብሎ አያት። «እርግጠኛ ነዎት፣ እናት?» አለ።

መይሙና ገበያ ላይ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት እንኳ ምላ የማታውቅ ሴት ናት። እጇን አነሳች። «ወላሂ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው» አለች። መታወቂያው ወጣ፤ በመታወቂያው ፓስፖርቱ ወጣ፤ ልጅቷም ወጣች።

ስለ ጅዳው አምስት ዓመት ኡሙሀኒ ብዙ አታወራም። ሆድ ይፍጀው ትላለች። የሚታወቀው ዐሥራ አንድ ሰው ያለበት ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ብቻዋን ታጸዳ እንደነበር፣ የምትተኛውም ወጥ ቤት ወለል ላይ እንደነበር ነው። ኅዳር 2006 ከሳዑዲ ከተባረሩት ጋር ቦሌ ስትወርድ በእጇ አንድ ፌስታል ይዛ ነበር። በወረቀት ሃያ ስምንት፤ በእውነቱ ሃያ አንድ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ቤቱ ተኝቶ ይቀር ነበር። እሷ ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ጨረሰች፤ ኮሌጅ ገብታ የጥርስ ቴክኒሺያንነት ተማረች፤ ፒያሳ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ባለ የጥርስ ላብራቶሪ ተቀጠረች። ሐኪሞች የበሽተኛውን አፍ ልክ ወስደው ይልኩላታል፤ እሷ በጄሶ ታወጣዋለች፣ በሰም ታበጃለች፣ ትሞርዳለች፣ ቀለሙን ከቀሩት ጥርሶች ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ትደክማለች። ስድስት ዓመት ሠራች። ከእሷ እጅ የወጣ ጥርስ ያደረገ ሰው ጥርሱ ሰው ሠራሽ መሆኑን ሚስቱም አታውቅበትም ይባላል። እጇ ወርቅ ነው፤ ይሄን ማንም አይክዳትም።

ከዚያ ፒያሳ መፍረስ ጀመረ። ሰፈርተኛው በየአቅጣጫው ወዳለው ኮንዶሚኒየም ተበተነ። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ስትገባ የላብራቶሪው ሕንፃ በር ላይ የመፍረስ ምልክቱ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አገኘች። ያን ዕለት ነው የቆረጠችው። «አንዴ በገረድነት ወጥቻለሁ፤ አሁን በሙያዬ ነው የምወጣው። ቀና ብዬ፣ ስሜ ተጠርቶ» አለቻት እናቷን። «ስረጋ አንቺንም እወስድሻለሁ።»

ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ ሉልሰገድ የሚባል ሰው ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ፎቶ ኮፒ ይባል እንጂ ዋናው ገበያው የውጭ አገር ፎርም መሙላት ነው። ራሱ ከአራዳ ወጥቶ አያውቅም፤ የሰው አገር ሕግ ግን ከባለ አገሩ በላይ ያውቃል። ኡሙሀኒ እሱ ዘንድ ሄደች።

«ነቄ በይ እንግዲህ» አላት። «አውስትራሊያ የሚወሰደው በነጥብ ነው፤ እንደ ማትሪክ ቁጠሪው። ለዕድሜ፣ ለእንግሊዝኛ፣ ለትምህርት፣ ለሥራ ልምድ። ባል ለሌላትም ዐሥር ነጥብ አላት። እዚህ ቆማ ቀረች ይሉሻል፤ እዚያ ማርክ ይሰጡሻል!»

ኡሙሀኒ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። የእንግሊዝኛውን ፈተና አንዴ ወደቀች፤ ሁለተኛ ተፈትና አለፈች። ሙያዋንም አስመዘነች። ሁሉም ሲደመር ሥልሳ አምስት መጣ። ከሥልሳ አምስት በታች የሆነ ሰው ደጁንም አይረግጥም፤ ሥልሳ አምስት ያለው ግን ወረፋ ይይዛል። ወረፋ ያዘች። ላም አለኝ በሰማይ እንዳትሉ፤ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ሄዷል። መይሙናም ለጎረቤት መናገር ጀመረች። «ልጄ በእጇ ነው የምትሄደው፤ በደላላ አይደለም» ትላለች።

ግንቦት 2017 ላይ ሉልሰገድ ደውሎ አስጠራት። ያ ቀልደኛ ሰው ያን ቀን አልቀለደም።

«ፓስፖርትሽን ሳየው መስከረም አንድ አርባ ይሞላሻል። አርባ የሞላው ሰው ከዕድሜው ላይ ዐሥር ነጥብ ይነሳበታል። እስከዚያ ካልተጠራሽ ሃምሳ አምስት ትሆኛለሽ፤ ከወረፋው ትወጫለሽ።»

«እኔ እኮ አርባ ሊሞላኝ ገና ከሰባት ዓመት በላይ ይቀረኛል» አለች፤ ታሪኩን ሁሉ ነገረችው።

ሉልሰገድ ፓስፖርቱን መልሶ አየው። «እሱን ለእኔ ነገርሽኝ። ለኮምፒዩተሩ ማን ይነግርልሻል?» አለ። ከዚያ ያለውን አንድ መንገድ አሳያት፤ ፍርድ ቤት ሄዶ የልደት ቀን ማስተካከል። እናት ቀርባ ትመስክር። ፍርድ ቤቱ ነሐሴ ላይ ስለሚዘጋ ደግሞ ነገሩ በሐምሌ ማለቅ አለበት። «በበፊቱ ወረቀት ለምን ዋሸሽ ብለው አውስትራሊያዎቹም ሊጠይቁሽ ይችላሉ። እውነቱን ተናገሪ። ከዚህ በላይ ማወሳሰብ አያስፈልግም» አላት።

መይሙና ፍርድ ቤት የሚለውን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ሲነጋጋ ልጇን ቀሰቀሰቻት።

«በየዓመቱ ሦስት ቀን የምጾመው ምን መስሎሽ ነበር?» አለች።

«የሱና ጾም ነዋ፣ እማ።»

«የዚያች የቀበሌ መሐላ ካሳ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ። አሁን ሰው ፊት ቆሜ በአላህ ስም ዋሽቼ ነበር ልበል? በዚህ ዕድሜዬ?»

መይሙና ግን እናት ናት፤ ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

ዳኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። መዝገቡን አገላብጣ መነጽሯን አወለቀች። «እናት፣ ያኔም ምለዋል፤ ዛሬም ምለዋል። ፍርድ ቤቱ የትኛውን ይቀበል?»

መይሙና ነጠላዋን አስተካክላ መለሰች። «ያኛውን ለልጄ እንጀራ ብዬ ነው የማልኩት፤ ይሄኛውን ለአላህ ብዬ። መቅጣት ካለባችሁ እኔን ቅጡኝ፤ እሷ ልጅ ነበረች።»

ዳኛዋ ግን ሌላ ማስረጃ ጠየቀች፤ ሕጉ ነዋ። ልጅቷ የተወለደችው ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ቀበሌ የመሰከሩላት ጎረቤቶች ሞተዋል። የትምህርት ቤቱም መዝገብ ተፈልጎ ታጣ። የቀረው ሆስፒታል ነበር። «የሐኪሞች ቦርድ ዕድሜዋን መርምሮ ይላክልን» ብላ ዳኛዋ አዘዘች። ኡሙሀኒ ደስ አላት። ወረቀት ይዋሻል፤ ሰውነት አይዋሽም ብላ አሰበች፤ መንገዱን ሁሉ የእናቷን ክንድ ይዛ እየሳቀች ወረደች።

ሆስፒታል አጥንቷን በኤክስሬይ አነሱት። አጥንት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ነው የሚናገረው፤ ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ስለዚህ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ላኳት። ሐኪሙ ዶክተር ካላዩ የሚባል ነው፤ ገና እንደገባች አወቃት። የአፍ ልክ ከሚልኩላት ሐኪሞች አንዱ ነበርና።

«ኡሙሀኒ! እንዴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ባለጉዳይዋ?» ብሎ ወንበሩን አስተካከለላት። እየተጨዋወቱ አፏን ከፈተች። ቀስ በቀስ ጨዋታው ቆመ። መብራቱን አቀረበ፤ መንጋጋዋን ደጋግሞ አየ። ከዚያ የሥራ ልብሱን እጅጌ እየጎተተ ቆመ።

«ምነው ዶክተር?»

«ጥርስሽን ታፋጪያለሽ?»

ታፋጫለች። ጅዳ ነው የጀመራት። ሌሊት ሌሊት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተኝታ ስታፋጭ የቤቱ ልጆች በር ላይ ተሰብስበው ይስቁባት ነበር። ሰው ቀን የዋጠውን ሌሊት ያኝከዋል አሉ፤ እሷ አምስት ዓመት አኘከች። ከተመለሰችም በኋላ አልተዋትም።

ዶክተር ካላዩ ትንሿን መስታወት ሰጣት። የእሷንም አፍ ልክ ወስዶ በጄሶ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «አንቺ ከእኔ ትበልጫለሽ በዚህ» አለ ዐይኗን ሳያይ። «ይህ ጄሶ ስም ሳይጻፍበት ቢመጣልሽ፣ የስንት ዓመት ሰው ትይዋለሽ?»

ኡሙሀኒ ጄሶውን አነሳች። መዋሸት ትችል ነበር። ሰውዬው ያዘነላት ይመስላል፤ ሠላሳ አምስት ብትለው ምናልባት ሠላሳ አምስት ብሎ ይጽፍላት ነበር። አገላበጠችው። መንጋጋዎቹ ተፈጭተው ጠፍጣፋ ሆነዋል፤ የፊቶቹ ጫፋቸው አልቋል። በሺህ የሚቆጠር አፍ በእጇ አልፏል፤ እንዲህ ያለ አፍ የማን እንደሆነ ታውቃለች።

«አርባ ሁለት» አለች። «አርባ ሦስትም ይሆናል።»

«የማፋጨት ጉዳት እንዳለ እጽፍልሻለሁ» አላት ዶክተሩ። ጻፈላትም። ቦርዱ ግን የመጨረሻው መስመር ላይ «ከሠላሳ ስምንት እስከ አርባ አምስት» ብሎ ዘጋው። ዳኛዋ ሐምሌ ሃያ አራት ቀን ወረቀቱን አነበበች። የሐኪሞቹ ግምት ከተመዘገበው ዕድሜ ጋር አይጋጭም፤ አቤቱታው ውድቅ ሆኗል አለች። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በሳምንቱ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ተዘጋ።

ኡሙሀኒ ነሐሴን ሙሉ ጠዋት ማታ ስልኳን ታያለች፤ ምናልባት ቀኑ ሳይደርስ ይጠሩኝ ይሆናል ብላ። ሉልሰገድ በየሳምንቱ ይደውልላታል፤ መጨረሻ ላይ የሚለው ሲያጣ መደወሉን ተወ። ጳጉሜም አለፈች። የጠራት የለም።

መስከረም አንድ ጠዋት ሰማዩ ጠርቷል፤ የሰፈሩ ሴት ልጆች አበባ ይዘው ከቤት ቤት እየዘፈኑ ይዞራሉ። ኡሙሀኒ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ የወረፋውን ገጽ ከፈተች። ማንም አልጻፈላትም፤ ማንም አልገሠጻትም። ቁጥሩ ብቻ ተቀይሯል።

«ወረደ?» አለች መይሙና ከጀርባዋ።

«ወረደ።»

«ስንት ሆነ?»

«ሃምሳ አምስት።»

መይሙና አጠገቧ ተቀመጠች። ከሆስፒታሉ ወዲህ አንድም ቀን ስለ ጥርስ አንስታ አታውቅም ነበር። አሁን የልጇን አገጭ ያዘች። «እስቲ አፍሽን ክፈቺልኝ» አለች። ኡሙሀኒ እምቢ ልትል አሰበችና ተወችው፤ ከፈተችላት። እናቷ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራት ለረጅም ጊዜ አየች። አንዱን ጥርስ በጣቷ ነካችው፤ ልጅ ጥርስ ሲያወጣ እንደሚነካው።

«ያ ረቢ» አለች። «እኔ ያልኩትን ዕድሜ አላህ ጥርስሽ ላይ አወጣው እኮ። ወላሂ ያልኩት ሁሉ ደረሰብሽ።» እንባዋ በልጇ እጅ ላይ ወረደ። «አውፍ በይኝ፣ ማሪኝ ልጄ። አውፍ በይኝ።»

ኡሙሀኒ አፏን ዘጋች። እናቷ በክፋት እንዳላደረገችው ታውቃለች። ያኔ ቤት ውስጥ የሚበላ እንዳልነበረ ታውቃለች። ሰፈሩ ሁሉ ልጁን እንደዚያ ይልክ እንደነበር ታውቃለች፤ ማረኝ ላለ ሰው ምን እንደሚባልም ታውቃለች። አውፍ ብያለሁ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ሞከረች፤ አልወጣላትም።

«ዛሬ አትጠይቂኝ፣ እማ» አለች።

መይሙና በማግስቱ ጠየቀቻት። በሳምንቱም ጠየቀቻት። መልሱ እስከ ዛሬ ያው ነው።