አንደኛ ኮፒ

ሻንቶ ገበያ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሳሙና፣ ጨው፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ክብሪት እሸጣለሁ። ሰው ግን ሳሙና ይዞ ቆሞ ሌላ ነገር ይጠይቀኛል። «ያ ርካሹ የዛፍ መቁረጫ ማሽን ያዋጣል ወይ? እናንተ ቤት ነበረ አሉ።» አዎ፣ ነበረ። የማስበውን እነግረዋለሁ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል፣ ሳሙናውን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ የልቡን ያደርጋል። ምክሬን በነፃ ስለምሰጥ ይሆናል ሰው የናቀው።

ባለቤቴ ዛፍ ቆራጭ ነበር። ባህር ዛፍ ሲጥል ያየ ሰው ሌላ ቆራጭ አይጠራም። መጀመሪያ ዛፉን ዞሮ ያያል፣ ቀና ብሎ ነፋሱን ያያል፣ ከዚያ የግቢውን ባለቤት «የት ላስተኛልህ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ካሉት እዚያው ያስተኛዋል። ከጓሮው እንሰት አንድ ቅጠል አይቀደድም።

ማሽኑ ግን የሰው ነበር። ባለማሽኑ ሶዶ የሚኖር፣ ዛፍ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ማሽኑን ይሰጣል፣ ከገቢው ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፣ ማታ መጥቶ ዙሪያውን እያገላበጠ ያየዋል። ጭረት ካገኘ ባለቤቴን እንደ ልጅ ይቆጣዋል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይል ነበር ባለቤቴ፣ ላቡን እየጠረገ። የራሱን ማሽን መግዛት የሕይወቱ ሕልም ሆነ። የእውነተኛው ማሽን ዋጋ ደግሞ ለእኛ አይነት ሰው የሚቀመስ አልነበረም።

አንድ ቀን ሶዶ አብረን ወረድን። ሱቁ ውስጥ ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ቀለማቸው አንድ ነው፣ ቅርጻቸው አንድ ነው፣ የተጻፈባቸው ስም እንኳ ለዓይን አንድ ነው። ዋጋቸው ብቻ አይተዋወቅም። ባለቤቴ በርካሹ ላይ እጁን ጭኖ ቆመ። ሻጩ ጠጋ አለ።

«አንደኛ ኮፒ ነው፣ ጋሼ። ሁለተኛና ሦስተኛም አለ። እነሱን ግን ለአንተ አልሰጥም።»

ባለቤቴ አማርኛን የለመደው በገበያና በሥራ ቦታ ነው፣ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። «አንደኛ» ሲባል የሚያውቀው በትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል ላይ ስሙ ተጠርቶ የሚጨበጨብለትን ልጅ ነው። እሱ ተጨብጭቦለት አያውቅም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ። «ኮፒ» ማለት ለእኔ ፈተና ላይ ከጎንህ ካለው ልጅ የምትገለብጠው ነው፣ የገለበጥከውን ደግሞ እንዴት እንደተሠራ ብትጠየቅ አታውቀውም። ሻጩ እንዳይሰማ ብዬ ይህንኑ በወላይትኛ ነገርኩት። ባለቤቴ ሻጩ እንዲሰማ በአማርኛ መለሰልኝ።

«አንደኛ ነው አለ'ኮ። አልሰማሽም?»

ሻጩ ሳቀና እሱም በወላይትኛ ተናገረኝ። የእኛው ሰው ነበር። «እህቴ፣ ዛሬ ሰውም ኦሪጅናሉ ጠፍቷል» አለኝ። ባለቤቴም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ግን ሁለት ወንዶች ተሳስቀው የጨረሱትን ነገር ሚስት አታፈርሰውም።

ማሽኑ ቤት ሲገባ ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጣ። ከጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩበት። በዚያ የላስቲክ ክዳን ላይ ስንት የተከበረ እጅ እንዳረፈ ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እግዚአብሔር ሰምቶ ይሆናል፣ ፋብሪካው ግን አልሰማም።

መጀመሪያ ሰሞን ደህና ሠራ። ቀጥሎ ማስነሻ ገመዱ ተበጠሰ። ከዚያ ሞተሩን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ፣ ከዚያ ዘይት ለሰንሰለቱ የምታደርሰው ቀጭኗ ቱቦ። ሶዶ ሄዶ መለዋወጫ ይገዛል፣ መለዋወጫው የተሠራው ለእውነተኛው ስለሆነ አልገጥም ይላል። ይሞርደዋል፣ ይገጣጥመዋል። ከፊት ያለው የግራ እጅ መከላከያ ሲሰነጠቅ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ጠፍሮ አሰረው። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ገመዱን ሲስብ ጎረቤቶች በአጥር በኩል «ዛሬስ ተነሣች?» ይሉታል፣ ስለ ታመመች አክስት እንደሚጠይቁ ሁሉ። እሱም እየሳቀ «ትንሽ ተሽሏታል» ይላቸዋል። ውስጡ ግን እንደሚቃጠል አውቃለሁ። ያን የሶዶ ሰው ተመልሶ ማሽንህን ስጠኝ ማለት ሞት ነበር ለእሱ።

ጊፋታ ሲቃረብ በእኛ አገር እንጨት የሌለው ቤት ነውር ነው። የወላይታ አባወራ ለአዲሱ ዓመት ሥጋውንና እንጨቱን አስቀድሞ ያዘጋጃል፣ ልጅ የሌላት አሮጊት ብትኖር ሰፈሩ ይፈልጥላታል። ባለቤቴ በዚያ ሰሞን እረፍት አልነበረውም። ከሰፈራችን በታች ለምትኖር መበለት የወደቀ ግንድ እየከተፈ ሳለ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። እውነተኛው ማሽን ላይ የተበጠሰ ሰንሰለት የሚይዝ ጥርስ አለ፣ ከእጀታው በታች ደግሞ ቀኝ እጅን የሚጋርድ ጠንካራ ክፍል አለ። የእኛም ላይ ሁለቱም ነበሩ። በመልክ ነበሩ። ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ሲወረወር ጥርሱም የቀኝ እጅ መከላከያውም እንደ ደረቅ ቆጮ ተፈረካከሱ።

እኔን በሞተር መጥተው ከሱቅ ወሰዱኝ። ሆስፒታል ስደርስ የቀኝ እጁ ሦስቱ የመሃል ጣቶች አልነበሩም። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ቀርተዋል።

ሊጠይቀን የመጣ ሁሉ የሚለው አያጣም። አንዱ «ክፉ ነገር በዚህ ይለፍ» ይላል። ሌላው «ነፍስ ቢሆንስ?» ይላል። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብላ ተረተችብኝ። ያመጣችውን ሙዝ መልሼ ልሰጣት ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱ ሲሻለው ወደ ሶዶው ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ አልካደም፣ አልተቆጣምም። «አንደኛ ኮፒ ነው ብያችኋለሁ፣ እህቴ። ኦሪጅናል ነው አልኩ?» አለኝ። አላለም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ቢዋሸን የምረግመው ሰው ባገኘሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ አንድ ልማድ አወጣ። በእኛ ዘንድ ሰው እየበላ ወይም እጁ ጭቃ ሆኖ እንግዳ ቢመጣበት፣ መዳፉን አጥፎ አንጓውን ይዘረጋል፣ እንግዳውም አንጓውን ይዞ ሰላም ይለዋል። ነውር የለውም፣ እንዲያውም ጨዋነት ነው። ባለቤቴ ቀኝ እጁን በጃኬቱ እጅጌ ውስጥ ሰብስቦ ለሁሉም አንጓውን መዘርጋት ጀመረ። በገበያ፣ በለቅሶ ቤት፣ በጸሎት ቤት በር ላይ። ለማያውቀው ሰው «ይቅርታ፣ እጄ ቆሽሿል» ይላል። መጀመሪያ ስሰማው ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የዚያ ሰው እጅ ቆሽሾ አያውቅም።

ማሽኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ ከረመ። አንድ ቀን አውጥቶ በጋዝ ሲወለውለው፣ አዲስ ሰንሰለት ሲያስገባበት፣ የተፈረካከሰውን በሙጫ ሲያጣብቅ አየሁት። ልሸጠው ነው አለኝ። በሳምንቱ ከበዴሳ አንድ ወጣት በሞተር መጣ። ቅርብ ጊዜ ያገባ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ተቀብሎት አንጓውን ዘረጋለት።

«ምሳ ላይ ደረስኩ ማለት ነው» አለ ወጣቱ፣ አንጓውን ይዞ እየሳቀ።

«አማትህ ትወድሃለች» አለው ባለቤቴ።

ቤታችን ውስጥ ገና እሳት እንኳ አልነደደም።

ወጣቱ ማሽኑን አገላብጦ አየው። ባለቤቴ በግራ እጁ እያሳየው «አንደኛ ነው» አለ። «ኮፒ» የምትለዋን ቃል ዋጣት። ወጣቱ «ለምን ትሸጠዋለህ፣ ጋሼ?» ሲለው «ሥራ ቀየርኩ» አለ። እኔ የወጣቱን እጆች እያየሁ ነበር። ትልልቅ፣ ደህና እጆች ናቸው፣ ቤት ውስጥ የሚጠብቃቸው ሰው ያላቸው እጆች።

ወደ ውስጥ ገብቼ ማስታጠቢያ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ እንግዳውን አስታጠብኩት፣ ምሳ የሚቀርብ መስሎት እያመሰገነኝ ታጠበ። ከዚያ ባለቤቴ ፊት ቆምኩ።

«አንተም ታጠብ። ቆሽሿል ብለህ አይደል ያልጨበጥከው?»

ቀና ብሎ አየኝ። በትዳራችን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋ፣ ውሃውን አፈሰስኩለት። ውሃው ጣቶቹ በነበሩበት በኩል ሳይያዝ ወደ ሳፋው ወረደ።

ወጣቱ ሳቁን አቆመ። «ይሄው ማሽን ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ይሄው ነው» አለ ባለቤቴ።

ተነሥቶ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። ማሽኑን እንደገና አየው፣ በሙጫ የተጣበቀውን ጥርስ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «እኔ እጠነቀቃለሁ» አለ። «እንዲህ ከሆነማ ትንሽ ቀንሱልኛ።»

ባለቤቴ እጁን በጃኬቱ ጠረገና ብድግ አለ። «አይሸጥም» አለው። ከዚያ ቀኝ እጁን፣ እንዳለ፣ ለስንብት ዘረጋለት። ወጣቱ የቱን እንደሚጨብጥ ግራ ገባው፤ አንጓውን ያዘ።

ባለቤቴ ማሽኑን ያን ቀን ፈታትቶ ብረቱን ለብረት ሰብሳቢ ሰጠው። ስለ ማስታጠቢያው አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ለሰው ግን አሁን እጁን ይሰጣል፣ የሚደነግጥ ይደንግጥ ብሎ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሜ ሳለ የበዴሳው ወጣት በሞተር አለፈ። ከኋላው አዲስ ማሽን ጠፍሮ አስሯል። ቀለሙ ያው ነው፣ ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ በዓይን አይለይም። አውቆኝ ፍጥነቱን ቀነሰና ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ አውለበለበልኝ። አምስቱም ጣቶቹ ነበሩ።