የጋሼ ኦላና የዝናብ ደብተር

ወሬው የደረሰኝ በለውዝ መጠቅለያ ነው። የዘንድሮ ዐቢይ ጾም በገባ ሳምንት፣ ከሥራ ተመልሼ እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳስቀመጥኩ ስልኬ ጮኸ። ታናሽ እህቴ ጽጌ ከመቱ ፎቶ ልካለች። ከደብተር የተቀደደ፣ በዘይት የወዛ ወረቀት ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ የለውዝ ገለባ ቀርቶበታል። ከሥሩ «ይሄ የማን ጽሕፈት ነው? ካላወቅሽ አገር ስጪኝ» ብላ ቀልዳለች።

ፎቶውን አጎላሁት። በግራ በኩል ቀን፣ መሃል ላይ ቁጥር፣ በቀኝ በኩል አንድ መስመር ወሬ። ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ ሰባት ቁጥር ወገቧ ላይ ተሰርዛለች። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ቅዳሜ። 6 ሚሊ። ኔትወርክ የለም። ልጅቷ ከስታለች።»

ልጅቷ እኔ ነኝ።

ወዲያው ደወልኩላት። «የጋሼ ኦላና ነው። ደብተራቸው ለውዝ ቤት ምን ሊሠራ ገባ?»

«እንዴ፣ አልሰማሽም? አረፉ እኮ፤ በጥምቀት ሰሞን። ልጆቻቸው መጥተው ቤቱን ባዶ ሲያደርጉ ወረቀቱን በኪሎ ለሱቅ ሰጡት። ይኸው ከተማው ለውዝ የሚበላው በሳቸው ዝናብ ተጠቅልሎ ነው።» እየሳቀች ነበር የጀመረችው፤ መጨረሻው ላይ ሳቋን ዋጠችው።

አሁን የምኖረው ሎጊያ ነው፣ አፋር ምድር። ባለቤቴን ሥራው አመጣው፤ እኔም ተከትዬው መጥቼ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ገባሁ። እዚህ ዝናብ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ሰው ደጅ ወጥቶ ይቀበለዋል። መቱ ግን ዝናብ ቤተኛ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ሂድ ቢሉትም አይሄድም። ቆርቆሮው ሲንደቀደቅ ለመሰማማት ሰው ይጠጋጋል። ዛሬም ከሰው ጋር ሳወራ በጣም ትቀርቢያለሽ ይሉኛል፤ የአገሬ ቆርቆሮ ያስተማረኝ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ፣ ሙዘሚል የሚባል ነጋዴ ከመናኸሪያው በታች በከፈተው የኮምፒውተር ቤት ተቀጠርኩ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ ኢንተርኔት ለፈለገም እከፍታለሁ። መስመሩ የስልክ ነበር፤ አንድ ገጽ ተከፍቶ እስኪያልቅ ትልቅ የተቀቀለ ጎደሬ ልጬ፣ በሚጥሚጣ በልቼ እጨርሳለሁ። ከሰዓት ዝናቡ ሲበረታ ደንበኛ አይመጣም። ያኔ አንድ ቃል ጽፌ፣ ምን ይዞልኝ ይመጣ ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ።

እንዲህ ስጠብቅ ነው የሰዎቹን ገጾች ያገኘሁት። ብሎግ መባላቸውን አላውቅም፤ ለራሴ «የሰው ገጽ» እላቸው ነበር። አንዱ ስለ አሮጌ አዝራር ብቻ ይጽፋል፤ እያንዳንዱን አዝራር ከየት እንዳገኘው፣ የማን ኮት ላይ እንደነበረ። አንዷ ከደጇ ስለሚበቅል እንጉዳይ ትጽፋለች። ሌላው የእርሳስ ቁራጭ ይሰበስባል። የገረመኝ ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። እኛ ዘንድ ሰው ጥቅም የሌለው ነገር ሲወድ ይደብቀዋል፤ ካልደበቀውም ስም ይወጣለታል።

መቱም አንድ እንደዚህ ያለ ሰው ነበራት፤ ጋሼ ኦላና። በወጣትነታቸው የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበሩ። የካምፑ ኃላፊ ጠዋት ጠዋት የሌሊቱን ዝናብ እየለኩ እንዲጽፉ አዘዛቸው። መንገዱ አለቀ፣ ካምፑም ተነሣ። ዝናቡ ግን አላቆመም፤ እሳቸውም አላቆሙም። አጥራቸው እንጨት ላይ የወተት ዱቄት ጣሳ አስረው፣ ንጋት ላይ በተማሪ ማስመሪያ ይለካሉ፤ በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ፊደል ይጽፋሉ። የደብተራቸው ቁልል ከሣጥናቸው ቁመት አልፎ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የተቀደደ ገጽ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ መጡ። ሙዘሚል ገና ቦቲያቸውን ሳይጠርጉ ጀመራቸው።

«የሰማይ ጸሐፊ መጡ! ጋሼ፣ ለነገ ስንት እንደታዘዘልን ይንገሩንና ጥላ እንያዝ።»

«እኔ የወረደውን እንጂ የሚወርደውን አልጽፍም። የሚወርድብህን ከፈለግህ ቤትህ ግባና ሚስትህን ጠይቅ።»

በዚያው ሳምንት ነበር ሩቅ ደሴት ላይ የምትኖር፣ ከአትክልቷ መሃል ዝናብ የምትለካ አሮጊት ገጽ ያገኘሁት። ኮምፒውተሩን ወደ ጋሼ አዞርኩና ተረጎምኩላቸው።

«‹ዛሬ አሥራ አንድ ሚሊ። ድመቷ ከቤት አልወጣችም› ትላለች።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በምንድነው የምትለካው?»

«በብርጭቆ ነገር፤ ይኸው ፎቶው።»

ለረጅም ጊዜ አዩት። «ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ሌላም ሰው አለ በይኛ!» ቀጥለው ደግሞ፣ «ድመቷም ትጻፋለች እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ። የራሳቸውን ገጽ ከፈትኩላቸው፤ አድራሻውንም ለሴትዮዋ ላክሁላት። ቁጥሩን እገለብጣለሁ፣ ወሬውን በተማሪ እንግሊዝኛዬ እተረጉማለሁ። ከሴትዮዋ ተምረው አዲሱ ደብተራቸው ላይ ከቁጥሩ ጎን ወሬ መጨመር ጀምረው ነበር። «24 ሚሊ። የጎረቤቴ በሬ የሶርን ወንዝ አልሻገርም አለ።» «9 ሚሊ። ድመት የለኝም።» ሴትዮዋ ይህን አንብባ ከሥሩ ሰላምታ ጻፈችላቸው፤ በሬው በመጨረሻ ተሻገረ ወይ ብላም ጠየቀች። ሳነብላቸው ከወንበሩ ተነሡ። «በእኛ በሬ ተጨነቀች!» አሉ። በዚያ ቀን ጭቃውን ሳያዩት ነው የሄዱት።

ሦስት ደብተር ጨርሰን አራተኛውን እንደጀመርን ኅዳር ገባ። ኅዳር እኛ ዘንድ ጀንፈል የሚደርቅበት ወር ነው፤ ሰሌኑ ሁሉ በቀይ ቡና ይሸፈናል። በዚያ ዓመት ሰማዩ ወሩን የረሳ ይመስል ሁለት ቀን ሙሉ አወረደው። እናቴ ያሰጣችው ቡና ሻገተ። በእጇ እየዘገነች ታሸታለች፣ ትደፋለች።

«ያ ሰውዬ ስንት ወረደ አለ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ሠላሳ ስምንት ሚሊ።»

«ቆጥሮ ቆጥሮ አወረደልን! ዳዊት ሕዝብ ቢቆጥር ቸነፈር አልመጣም? ይሄ የእግዜርን ዝናብ በጣሳ ይቆጥራል፤ አንቺ ደግሞ ለዓለም ታሳዪለታለሽ። በሰንበት ትምህርት ቤት ይህንን ነው የሚያስተምሩሽ?»

መዘምር ነበርኩ፤ የዳዊትን ታሪክ አውቀዋለሁ። ሌሊት ተነሥቼ ጸለይኩ፤ ከእንግዲህ እጄን አላስገባም ብዬም ወሰንኩ። ዛሬ ግን እውነቱን ልናገር፤ ከቸነፈሩ ይልቅ የፈራሁት የእናቴን ፊትና የመዘምራኑን ሹክሹክታ ነበር።

ቅዳሜ ጋሼ ኦላና መጡ። ፌስታላቸውን ሳይፈቱ፣

«ጋሼ፣ ኔትወርክ የለም» አልኳቸው።

መቱ ውስጥ ይህ ውሸት ምስክር አያስፈልገውም። ወደ ደጅ አዩና፣ «ዝናቡ ነው መስመሩን የመታው» አሉ፤ የገዛ ልጃቸው ያጠፋ ይመስል እያፈሩ። በማግስቱ የነቢያት ጾም ገባ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ኔትወርክ የለም አልኩ። በሦስተኛው፣ ጾመኛ ነሽ ብለው ትኩስ ጎደሬ በኮባ ቅጠል ይዘውልኝ መጡ። ጎደሬውን ተቀብዬ ኔትወርክ የለም አልኩ። ሙዘሚል ከጎኔ ጋዜጣ ከፍቶ ያነብባል፤ ሰውየው ሲወጡ በጋዜጣው ጫፍ አየኝ። እሱ ቀልደኛው እንኳ ያን ቀን አልቀለደም።

በዚያው ሳምንት ብቻዬን ሆኜ ገጹን ከፈትኩት። ሴትዮዋ ጽፋለች፤ የስንት ዓመት ደብተር እንዳላቸው ትጠይቃለች። እሷ ያላት የሰባት ዓመት ብቻ ነው፤ የሳቸውን ሁሉንም ለማየት ትጓጓለች። አንብቤ ዘጋሁት። ከንስሐ አባቴ በቀር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

እንዲህ ስድስት ቅዳሜ ሆነ። የገና ሰሞን፣ በሰባተኛው፣ አልመጡም። መገላገሌን አስታውሳለሁ፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

በዓመቱ ኮሌጅ ደርሶኝ ስሄድ፣ መናኸሪያው ውስጥ ከአውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ያካፋል።

«ያቺ ሴትዮ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ጋሼ።»

«ድመቷስ?»

«ድመቷም ደህና ናት።»

«እሰይ» አሉ፤ «እሰይ፣ ኢንተላ ኮ። መንገዱን ያቅናልሽ።» ገጹን ለመጨረሻ ጊዜ ከከፈትኩ ግን ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ኮሌጅ ሆኜ አንድ ቀን ፈለግሁት። የሳቸው ገጽ አራተኛው ደብተር መግቢያ ላይ ቆሟል። የሷ ላይ ግን፣ ከአንድ ቀን ዝናብ ቀጥሎ፣ ከኢትዮጵያ የሚጽፉላት ሰው ዝም ካሉ መቆየታቸውን፣ ደህና እንዲሆኑም መመኘቷን ጽፋለች። ያኔ መጻፍ እችል ነበር። ነገ እጽፋለሁ አልኩ፤ ነገ ደግሞ አፈርኩ። ጽጌ ፎቶውን የላከችልኝ ዕለት ሁለቱንም ገጽ ፈለግሁ፤ ሁለቱም የሉም።

እዚህ ሎጊያ፣ በአንድ ጾም መጽሐፈ ኢዮብን ሳነብ፣ እግዚአብሔር ራሱ ለነፋስ ክብደት እንደሰጠ፣ ውሃንም በስፍር እንደሰፈረ የሚናገረው ቦታ ላይ ደረስኩ። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ዳዊት የቆጠረው ሊታበይ ነው፤ እኚህ ሰው የቆጠሩት እየተደነቁ ነው» አሉኝ። «አንቺ ግን የዋሸሽው ለማን ብለሽ ነው?» ስግደት ሰጡኝ። ስግደቱን ጨረስኩ፤ ቅዳሜዎቹ ግን አላለቁም።

ስለዚህ መቱ ያላችሁ፣ ከጎሬም ከያዮም ለገበያ የምትመጡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመናኸሪያው በታች ለውዝም ስኳርም ስትገዙ መጠቅለያውን ሳትጥሉ አንዴ ዘርጉት። በግራ ቀን፣ መሃል ቁጥር፣ ሰባቷ ወገቧ ላይ የተሰረዘች ከሆነ የጋሼ ኦላና ነውና ዘይቱን ጠርጋችሁ ለጽጌ አቀብሉልኝ። በጾመ ነቢያት ሰሞን ቅዳሜ የተጻፈ ካጋጠማችሁ ደግሞ፣ ቁጥሩን ተዉትና በቀኝ በኩል ስለ እኔ ምን እንዳሉ አንብቡልኝ። አንዱን አግኝቻለሁ፤ አምስቱ ይቀሩኛል።