ጆተኒዬን በጠፍር ያሰሩልኝ ኮርቻ ሠሪ

ትናንት ከሰዓት... «ና እንግዲህ፣ ፍታው» አሉኝ አያ ፈንቴ። ፊቴ የተቀመጠው ጆተኒዬ ነው፤ ዙሪያውን በቆዳ ጠፍር ተተብትቦ፣ ሊታረድ የታሰረ በሬ መስሏል። ጠፍሩ ሲፈታ ጎኑ ተመልሶ ከተከፈተ... በቃ፣ እኔም ጓደኞቼ ወደሄዱበት ወደ መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ ነኝ። እንጅባራ ላይ ያለኝ እንጀራ ይኼ ጆተኒ ብቻ ነዋ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

አያ ፈንቴ ኮርቻ ሠሪ ናቸው። ከኔ ጆተኒ ቤት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነን፤ የሚለየን ግድግዳ ነው። እሳቸው በዚያ በኩል ከገጠር ከሚመጡት ፈረሰኞች ጋር በአዊኛ እየተጨዋወቱ ቆዳ ይሰፋሉ፤ በዚህ በኩል የኔ ደንበኞች «ጎል!» እያሉ ግድግዳውን ያናጉታል። «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ጆሮዬን በላችሁት!» ያላሉበት ቀን የለም። አንዋደድም ነበር፣ እውነቱን ልናገር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ዳንግላ ለቅሶ ሄጄ ሁለት ቀን አደርኩ። የእንጅባራን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ... ስመለስ ቤቱ ኩሬ ሆኖ ጠበቀኝ። ጆተኒው ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ተጋድሟል። የመጫወቻው ወለል ኮምፔንሳቶ ነበር፤ ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ጎኖቹ ተጣመው ብረቶቹ አልዞር አሉ። አያ ፈንቴ ቤት ግን ጠብታ ውሃ አልገባም!

ደሜ ፈላ። በራችን ላይ ያለው ቦይ መጀመሪያ የሚያልፈው በእሳቸው በኩል ነው። «ውሃውን ወደኔ የለቀቁት እርስዎ ነዎት! ጆተኒው እንዲጠፋልዎት!» አልኳቸው... በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ። የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰው። እሳቸው ወስፌያቸውን አንስተው ስፌታቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ፀሐይ ብልጭ ስትል ጆተኒውን ጎትቼ ደጅ አወጣሁት። አያ ፈንቴ ከውስጥ ጮኹብኝ።

«አንተ ልጅ! እርጥብ እንጨት ፀሐይ ላይ አይወጣም!»

«እርስዎን አያገባዎትም!» አልኩና ተውኩት። ቀትር ላይ ጎኑ «ጧ!» ብሎ ተሰነጠቀ፤ መጋጠሚያዎቹም አፋቸውን ከፈቱ። አናጢ ጠራሁ። ዞር ዞር ብሎ አየውና «ለማገዶ ይሆንሃል» ብሎኝ ሄደ። እዚያው በቁሜ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ያኔ አያ ፈንቴ ብቅ አሉ። «ያዝ በዚያ በኩል» አሉኝ። ወዴት ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ ያዝኩ። እሳቸው ክፍል አስገባነውና ጭድ ውስጥ ቀበሩት። «ኮርቻም እንዲህ ነው የሚደርቀው። ቀስ ብሎ፣ ጥላ ውስጥ» አሉኝ። ሳምንት ሙሉ እንዳልነካው ከለከሉኝ፤ እኔም እፍረት ይዞኝ ቀና ብዬ ሳላያቸው ሰነበትኩ።

ከዚያ ለኮርቻ ብለው ዓመት ያደረቁትን የዋንዛ ጣውላ አወጡ። እስኪለሰልስ ልገው አዲስ ወለል አበጁለት። መጋጠሚያውን ኮላ ቀብተው፣ ውሃ ውስጥ ያደረ የበሬ ጠፍር እየሳቡ ጠመጠሙበት። «ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባል። እኔና አንተ ጎትተን የማንችለውን እሱ ይጎትተዋል» አሉኝ።

ይኸው ትናንት ፈታሁት። አንድ ዙር... ሁለት... የመጨረሻውም ወደቀ። ጆተኒው ንቅንቅ አላለም! ስንጥቁ ገጥሟል። አንዱን ብረት ባዞረው ሽው አለልኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል «ተው፣ ተው! ይልቅ ወደ ቦታው እንመልሰው» አሉኝ።

ተሸክመነው ደጃፌ ላይ ስንደርስ ሳንቃው ተወዛወዘብን። ተጫዋቾቹ ጭቃ እንዳይረግጡ ብዬ ቦዩ ላይ ያጋደምኩት ሳንቃ ነው፤ ከጣልኩት ጀምሮ አንስቼው አላውቅም። ላስተካክለው ብዬ አነሳሁት።

ወይ ጉዴ! ከሥሩ ያለው ቦይ ጥርቅም ብሎ ተደፍኗል። የሸንኮራ ምጣጭ፣ ላስቲክ፣ የጠርሙስ ክዳን... የኔ ደንበኞች የጣሉት፣ እኔ በሳንቃ የከደንኩት። ለካ ውሃው መሄጃ አጥቶ ነው ወደኔ የዞረው። በእሳቸው በኩል ያለው ቦይ ልቅም ያለ ንጹሕ ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

«አያ... ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ያን ቀን እንደዚያ ስዘልፍዎት ሳንቃውን ገልበጥ አድርገው አያሳዩኝም?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?» ሳቅ አሉ። «እርጥብ እንጨት ፀሐይ ላይ አይወጣም አልኩህ እኮ።»

ጆተኒዬን ከማዳናቸው በላይ ያቺን ቀን በሰው ፊት ሳያዋርዱኝ ዝም ማለታቸው አንጀቴን በላው። እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ዛሬ ማለዳ መጥረጊያ ይዤ በእሳቸው በኩል ያለውን ቦይ ስጠርግ ደረሱብኝ።

«እዚህ እኮ ምንም ቆሻሻ የለም» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ አያ» አልኳቸው... መጥረጌን ግን አላቆምኩም።